ሱባኤ
«ሱባኤ» ሰባት ከሚለው የግእዝ ቁጥር ጋር የሚዛመድ ቃል ሲሆን በመሠረቱ ሰባት ቀን ወይም ሳምንት ማለት ነው፤ በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 9 የተነገረው ሰባው ሱባኤም፣ አንዱ ቀን እንደ አንድ ዓመት ተቆጥሮ፣ 490 ዓመት ይሆናል። ከዘመን መቁጠሪያነቱ አልፎ ግን ምእመን በጾም፣ በጸሎትና በስግደት ተወስኖ የሚቆይበትን ጊዜ ሰየመ፤ በር ዘግቶ ለብቻ የሚያዘው ዝግ ሱባኤ፣ በኅብረት የሚያዘው የማኅበር ሱባኤ ይባላል። በነሐሴ መጀመሪያ በሚገባው ጾመ ፍልሰታ ብዙዎች ወደ ገዳማትና አድባራት ሄደው ሱባኤ ሲገቡ፣ ሥራውን መተው የማይችለው የከተማ ሰው ደግሞ ሌሊት ሰዓታት ቆሞ ቀን መሥሪያ ቤቱ ይውላል፤ ቃሉ የሚለካው ጊዜን እንጂ ቦታን ስላልሆነ፣ ይህን (አንዳንዶች እንደሚያደርጉት) ከሱባኤ አለመቁጠር የሚያስኬድ አይመስልም።