ሁለተኛው አበበ

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ አበበ የሚባሉ ሁለት ኢትዮጵያውያን ማራቶን ሮጡ። አንዱን ዓለም ያውቀዋል፤ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ሌላው አበበ ዋቅጅራ በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ 7ኛ ወጣ።

ሰባተኛ መውጣት ትንሽ ይመስላል። ግን ከአራት ዓመት በፊት ሜልቦርን ላይ ፈረንሳዊው አለን ሚሙን ወርቅ የወሰደው በ2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ነበር፤ ታላቁ ዛቶፔክም ሄልሲንኪ ላይ በ2 ሰዓት ከ23። መንገዱ ቢለያይም፣ የእኛ ሰባተኛ ከሁለቱም ሻምፒዮኖች ፈጥኖ ገብቷል።

ቶኪዮ ላይ ዋቅጅራ አልተሰለፈም። የኦሊምፒክ ታሪኩ በዚያች አንድ ምሽት ተጀምሮ አለቀ፤ እኛም ረሳነው። ወገን፣ ወርቅ ብቻ የሚቆጥር ሕዝብ የታሪኩን ግማሽ ይጥላል። የዘመን መለወጫ ዋዜማ በመጣ ቁጥር ሁለቱንም እናንሳ።