ኃይል መንሣት

«ፓኔሉን ኢ-ኃይላዊ ማድረግ» የሚል ሐረግ፣ ሳጥኑ ኤሌክትሪክ እንዳይኖረው ማድረግ ለማለት፣ ከሥልጠና ወረቀት ተነሥቶ በየሕንፃው ምድር ቤት የማከፋፈያ ሳጥን በር ላይ መለጠፍ ጀምሯል። የጻፈው ሰው ደግ አስቦ ነው። አንባቢው ግን ጥበቃው፣ የጽዳት ሠራተኛዋና በፈረቃ የሚመጣው ሌላ ባለሙያ ነው። እንቆቅልሹ እስኪፈታላቸው እጃቸው ብሬከሩ ላይ ሊደርስ ይችላል።

ሰዋስዉም አይደግፈውም። «ኢ-» የግእዝ አፍራሽ ነው፤ ኢ-ፍትሐዊ፣ ኢ-መደበኛ ስንል የነገሩን ጠባይ እንናገራለን። ሳጥኑ ግን ጠዋት ኃይል ነበረው፣ አሁን የለውም፣ ከምሳ በኋላ ይኖረዋል፤ ጠባዩ መቼ ተለወጠ? «ኃይል አልባ» የሚሉም አሉ፤ እሱ አቅም የከዳውን ሽማግሌ ያስታውሳል። «ከኃይል ነፃ ማድረግ» ደግሞ ይብሳል። ነፃ የሚወጣው ከባርነት፣ ከዕዳ፣ ከቀረጥ ነው፤ ሳጥኑ የተሠራው ኃይል ሊሸከም ሆኖ ሳለ ከምን ነፃ እናወጣዋለን?

ቃሉ የሚሰይመው ሥራ የሚወሳሰበው ተጠባባቂ ጄነሬተር ባለበት ነው። ባለሙያው ከቆጣሪው የሚመጣውን ዋና ብሬከር ያወርዳል። ኤቲኤስ የሚባለው አውቶማቲክ ማዞሪያ ሰው ሆን ብሎ እንዳወረደው በምን ያውቃል? መብራት የሄደ ይመስለዋል። ጄነሬተሩን ያስነሣል፣ መስመሩን ያዞራል፣ በሰከንዶች ውስጥ 380 ቮልት ሳጥኑ ውስጥ ተመልሷል። በአሜሪካ መስፈርት ለሆስፒታል ሕይወት አድን መስመሮች የሚፈቀደው ቢበዛ 10 ሰከንድ ነው፤ የሳጥኑን ሽፋን ለመፍታት እንኳ አይበቃም። ስለዚህ ጄነሬተሩ ከ«አውቶ» ወደ «ኦፍ» ይመለሳል፣ የማስነሻ ባትሪው ይነቀላል፣ የሁለቱም ምንጮች ብሬከር ወርዶ ይቆለፋል፣ ዩፒኤስ ወይም ሶላር ካለም አይታለፍም። ከዚያ መለኪያው ኃይል ባለበት ቦታ ተሞክሮ ሳጥኑ ፌዝ ከፌዝ፣ ፌዝ ከኒውትራል፣ ፌዝ ከመሬት ይለካል፤ መለኪያውም በመሐል እንዳልተበላሸ ዳግም ይሞከራል።

ለዚህ ሁሉ ሥራ «ማጥፋት» አይበቃም፤ ማጥፋት የአምፖል ነው። «ማቋረጥ» ይቀርባል፤ ነገር ግን «የኃይል መቋረጥ»ን መብራት ኃይል ቀድሞ ወስዶታል፤ ሰው ሲሰማው መብራት የሚመጣበትን ሰዓት ይጠይቃል። ከዚያም በላይ ሁለቱም ዓይናቸው ምንጩ ላይ ነው። ምንጩ ሁለትና ሦስት ሲሆን አንዱን አቋርጠህ «አቋርጫለሁ» ብትል አልዋሸህም፤ ሳጥኑ ግን ይገድልሃል። የምንሻው ቃል ሳጥኑን የሚያይ ነው።

እንዲህ ያለ ቃል አማርኛ አለው፤ ነሣ። እንቅልፍ ነሣኝ፣ ጤና ነሣው፣ ሰላም ነሡን። በሦስቱም ዐረፍተ ነገሩ የሚያተኩረው ያጣው ላይ ነው፤ እንቅልፍ የነሣኝ ትኋን ይሁን ሐሳብ፣ አለመተኛቴ አይለወጥም። ሳጥኑን ኃይል ነሣነው ካልን ከየትም ይምጣ ከየት የለውም ማለታችን ነው። የግእዙ ነሥአ «ወሰደ፣ ተቀበለ» ነው፤ የኛው ነሣ ከዚያ ወርዶ መከልከልን ጨመረበት። ተቃራኒውም ፍለጋ አያስኬድም፦ ሰጠ። ሰጪም ነሺም እግዚአብሔር ነው ሲባል ያደገ ሰው «ኃይል መስጠት» እና «ኃይል መንሣት» ጥንድ መሆናቸውን ማንም ሳያስተምረው ይረዳል።

«መንፈግ»ስ? መልካም ቃል ነው፤ ነገር ግን ንፉግ ያደርገናል። የሚነፈግ የለመነ ነው፤ ሳጥኑ አልለመነም።

መንሣትም እንከን አለው። «የተነሣ» ሲሆን ዲያቆኑ «ተንሥኡ» ከሚለው መነሣት ጋር ይጋጫል፤ «ኃይል የተነሣ ሳጥን» ያልነው እንደሆነ ኃይል የተቀሰቀሰበት ሊመስል ነው። መድኃኒቱ ተገብሮውን ትቶ «ኃይል የነሣነው ሳጥን» ማለት ነው። ሌላም አለ፤ «ብሬከሩን አንሣ» የሚለው ትእዛዝ የቃሉ ዘመድ ሆኖ ሥራው ተቃራኒ ነው፤ ጄነሬተር በሚጮኽበት ክፍል «ንሣ» እና «አንሣ» ማን ይለያል? ስለዚህ መንሣት የጠቅላላው ሥራ ስም ይሁን፤ የአፍ ትእዛዙ «አውርድ፣ ቆልፍ፣ ለካ» ሆኖ ይቀጥል።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ «ዝጋ» ነው። በእንግሊዝኛው መመሪያ ብሬከር «ተዘጋ» ማለት ኃይል አሳለፈ ማለት ነው፤ በኛ ግን ቧንቧ ሲዘጋ ውኃ ይቆማል፣ ቴሌቪዥን ሲዘጋ ይጠፋል። ቃል በቃል የተረጎመ ሰው ሳያውቀው ትእዛዙን ገልብጦታል። መመሪያ የምትተረጉሙ ሁሉ፣ መንሣትን ባትወዱት እንኳ፣ እባካችሁ «ብሬከሩን ዝጋ» ብላችሁ አትጻፉ።