ስለ ልደት በዓል ስጦታ

በጌታችን ልደት ታሪክ ውስጥ ሁለት ስጦታዎች ተጽፈው ይገኛሉ። አንደኛው ሰብአ ሰገል ከምሥራቅ መጥተው ያቀረቡት ወርቅ፥ ዕጣንና ከርቤ ነው፤ ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገርለት ይታለፋል። ይኸውም ሕፃኑ በአርባ ቀኑ ወደ ቤተ መቅደስ በተወሰደ ጊዜ ወላጆቹ ያቀረቡት መሥዋዕት ነው። የኦሪት ሕግ የወለደች ሴት ጠቦት እንድታቀርብ ያዝዛል፤ ጠቦት ለመግዛት ዐቅም ያነሳት እንደ ሆነ ግን ጥንድ ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩት ይበቃታል ይላል። ወንጌላዊው ሉቃስም ስለዚያ ቀን ሲጽፍ የጠቀሰው ወፎቹን ነው እንጂ ጠቦቱን አይደለም። እንግዲህ ሕጉ ራሱ ድኻ ተበድሮ የባለጠጋን ስጦታ እንዲሰጥ አልወደደም ማለት ነው።

ይህን ነገር ለማሰብ በአገራችን ከአዳማ ይልቅ የሚስማማ ከተማ ያለ አይመስለኝም። አዳማ የሚለው ስም በኦሮምኛ አዳሚ ከሚባለው ከቁልቋል እንደ ወጣ ይነገራል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከተማው ናዝሬት ተብሎ ተሰየመ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የቀድሞ ስሙ ተመለሰለት። ዳሩ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በሁለቱም ስም የሚጠራው ሰው ብዙ ነው። የገሊላዋ ናዝሬት የአንድ ጠራቢ ቤተ ሰብ የኖረባት ትንሽ መንደር ነበረች፤ መልካም ነገር ከእርሷ ይወጣል ብሎ የጠበቀም አልነበረም። ስሟን የወረሰው ከተማ ግን ዛሬ ትልቅ የንግድ ከተማ ሆኗል። ከጥንዱ ዋኖስ ተነሥተን ዛሬ ካለንበት የገበያ ስጦታ እንዴት እንደ ደረስን ታሪኩን መመልከት ይገባናል።

በቀድሞው ልማዳችን የልደት በዓል የስጦታ ቀን ተብሎ የተለየ አልነበረም። ሕዝቡ ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ ጾመ ነቢያትን ጾሞ በታኅሣሥ 29 ቀን ይፈስክ ነበር። ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዙና በቅርጫ ይካፈሉታል፤ ብቻውን በሬ ለመጣል የማይችል ሰው ሁሉ በዚህ ዘዴ የድርሻውን መደብ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ልጆች ጫፉ የጎበጠ ዱላ ከዱር ቈርጠው፥ ሩሩንም ከእንጨት ጠርበው ወይም ከቆዳ ሠርተው ገና ይጫወታሉ፤ በዚያ ጨዋታ ጌታና አሽከር እኩል ስለ ሆኑ በዱላ የተነካ ጌታ አይቈጣም። ለልጅ የሚሰጠው ነገር ቢኖር አዲስ ልብስ ነው፤ ያውም እናት የፈተለችው፥ ሸማኔ የሠራው፥ ለዓመት የሚበቃ ነው።

ስጦታማ በሌሎቹ በዓላት ሞልቶ ነበር። በእንቁጣጣሽ ልጆች በገዛ እጃቸው የሣሉትን ሥዕል ለዘመድና ለጎረቤት ያበረክታሉ። በቡሄ ሙልሙል ይታደላል። በፋሲካ አማች ለአማቱ፥ የክርስትና ልጅም ለክርስትና አባቱ አክፋይ ይወስዳል። በስምጥ ሸለቆው የሚኖረው ኦሮሞም ዘመድ ሊጠይቅ ሲሄድ ወተትና ቅቤ ይዞ መሄዱ የታወቀ ነው። እነዚህን ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ በቤት የተዘጋጁ ወይም በቅርብ የተገኙ ናቸው፥ የሚበሉ ወይም የሚለበሱ ናቸው፥ ከበዓሉም በኋላ ዕዳም ሆነ ጥራጊ አይተዉም።

ይህን ልማድ ከለወጡት ነገሮች ትልቁ የምድር ባቡር ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ለሙሴ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ደረሰ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። አዳማና ሞጆም የባቡር ጣቢያ ሆኑ። በግመልና በበቅሎ ብዙ ቀን ይፈጅ የነበረው አቡጀዲ፥ የብርጭቆ ዕቃና ስኳር እንግዲህ በፉርጎ ተጭኖ በፍጥነት ይመጣ ጀመር። ሸማኔውም የባሕር ማዶ ተፎካካሪ በደጁ ቆመበት።

ሆኖም ባቡሩና ፋብሪካው ያመጡት ሁሉ ጉዳት ነው ማለት ሐሰት ይሆናል። በአዋሽ ወንዝ ዳር፥ ከአዳማ አጠገብ፥ ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንዶች ኩባንያ ያቋቋመው የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ሲጠይቁ ስኳርና ቡና ይዞ መሄድ የከተሜው ሁሉ ወግ ሆነ። ይህ ስጦታ አዲስ ቢሆንም የጥንቱን ሥርዐት አላፈረሰም፤ በአገር ምድር የበቀለ ነው፥ ተቀባዩ ይጠቀምበታል፥ ሰጪውም በዐቅሙ አንድ ኪሎ ወይም ግማሽ ኪሎ ብሎ ይለካዋል። እንግዲህ ነቀፋው በአዲስነት ላይ አይደለም።

አሁን በየሱቁ የምናየው የልደት ስጦታ ግን ከሌላ ምንጭ የመጣ ነው። የአውሮፓ ሰዎች የስጦታቸውን ልማድ የሚያያይዙት በ4ኛው ምዕተ ዓመት የሜራ ኤጲስ ቆጶስ ከነበረው ከቅዱስ ኒቆላዎስ ጋር ነው። እንደ ትውፊቱ ይህ አባት ለሦስት የድኻ ልጃገረዶች የማጫ ወርቅ በሌሊት፥ ማንም ሳያየው፥ በቤታቸው ጣለላቸው። ከጀርመን አገር የተነሣው የልደት ዛፍ ደግሞ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያና ባሏ አልበርት ከልጆቻቸው ጋር በዛፉ ዙሪያ ቆመው የሚያሳየው ሥዕል በ1848 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በጋዜጣ ከታተመ በኋላ በሰፊው ተሰራጨ። ከዚያ በኋላ ነጋዴው ገባበት። ለድኻ በስውር ይሰጥ የነበረው ነገር ባለጠጋ ለባለጠጋ በግልጥ የሚሰጠው ሆነ። ወደ እኛም የደረሰው ይኸው የኋለኛው መልኩ ነው፤ የፕላስቲክ ዛፍ፥ የጥጥ ጢም፥ በሦስት ቀን የሚሰበር መጫወቻ።

የዚህ ዋጋ በሁለት ወገን ይከፈላል። መጀመሪያ በኪስ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከ57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ ከጅቡቲ ተጭኖ በሞጆ ደረቅ ወደብ የሚራገፈው ዕቃ ሁሉ በደመወዝተኛው ላይ ከበደ፤ ልጁን ላለማሳፈር ብሎ የሚበደር አባትም የበዓሉን ደስታ በጥር ወር ዕዳ ይከፍለዋል።

ሁለተኛው ዋጋ በምድር ላይ ነው። አባቶቻችን ዛፍን ለበዓል ከመቍረጥ ይልቅ መትከልን ያውቁ ነበር፤ በ15ኛው ምዕተ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው በመናገሻ እንዳስተከሉ ይነገራል፥ የመናገሻም ደን እስከ ዛሬ አለ። በስምጥ ሸለቆው ግን የአቢጃታና የሻላ ሐይቆች ግራር ለከሰል እየተቈረጠ ብዙው አልቋል፤ የአቢጃታም ውኃ ከዳርቻው እጅግ ሸሽቷል። ወደ ዝዋይ ብንሄድ፥ ዛሬ ባቱ በሚባለው ከተማ፥ በሐይቁ ውኃ የሚበቅለው ጽጌረዳ በአውሮፕላን ተጭኖ ለአውሮፓ ሰዎች ስጦታ ይሆናል። ይህ ለብዙ ሠራተኞች እንጀራ ቢሆንም፥ ስጦታ ሁሉ ከአንድ ውኃ ወይም ከአንድ ደን እንደሚቀዳ ያስታውሰናል።

ምናልባት አንድ ወዳጅ እንዲህ ይል ይሆናል፤ ጊዜው ተለውጧል፥ ልጅ በጎረቤቱ ልጅ እጅ ያየውን ይመኛል፥ ባዶ እጅ መግባትም ነውር ነው። ቃሉ እውነት አለበት፤ ለልጅ ዕንባ የማይራራ አባት የለም። ነገር ግን መልሱ ስጦታን መተው ሳይሆን መምረጥ ነው። የሸማኔ ነጠላ ዓመታትን ይቈያል፥ ገንዘቡም ለጎረቤት ሸማኔ እንጀራ ይሆናል። እንቁላል የምትጥል ዶሮ ለአንዲት መበለት ብትሰጥ በዓሉ ካለፈ በኋላም ትመግባለች። የብርቱካን ወይም የአቮካዶ ችግኝ ለልጅ በስሙ ቢተከልለት ከእርሱ ጋር ያድጋል። የሞጆ አካባቢ ቆዳ ፋብሪካዎች ያለፉት ቆዳም ጥሩ ቀበቶና ቦርሳ ይወጣዋል፤ ነገር ግን የፋብሪካዎቹ ፍሳሽ የሞጆን ወንዝ ማቈሸሹ የታወቀ ስለ ሆነ፥ በቅርብ የተሠራ ሁሉ ንጹሕ ነው ብለን ልንታለል አይገባም። ገንዘቡም ቢሆን ከመስከረም ጀምሮ በዕቁብ ጥቂት በጥቂት ቢጠራቀም በታኅሣሥ መጨረሻ አበዳሪ ፍለጋ አያስሮጥም።

ክቡር አንባቢ ሆይ፥ ሰብአ ሰገል ወርቅ ያቀረቡት ወርቅ ስለ ነበራቸው ነው፤ ስለዚህም አልተነቀፉም። ማርያምና ዮሴፍም ወፎችን ያቀረቡት ዐቅማቸው ያ ስለ ነበረ ነው፤ ስለዚህም አላፈሩም። የሚያሳፍረው የሌላውን መስፈሪያ ተውሶ መስፈር ነው። በዘንድሮው ገበያ ዕቃ አንሥቶ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ማን ሠራው፥ ስንት ዓመትስ ይቈያል ብሎ ቢጨምር፥ ለልጁም ለአገሩም የሚበቃ ስጦታ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።