የዘነበወርቅ ምስክር ቤት

«ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» የሚል ተረት አለን። ቋንቋችን የጨዋ ተረት ያለውን ያህል እንዲህ ያለ ጨካኝም አላጣም። ተረቱ የሚያባርረው ሰው ብዙ ጊዜ ጎረቤት ነው፤ ትናንት አብሮ ያጨደ፣ አብሮ የወቃ። በሰሜኑ ደጋ ሥጋ ደዌ በዘር ይወርዳል ተብሎ ስለሚታመን፣ ልጅ ሲዳር የሥጋ ዝምድና ብቻ ሳይሆን በዘሩ ደዌ መኖር አለመኖሩም ይጣራ ነበር።

ዋግ የወሎ ጠቅላይ ግዛት አካል በነበረበት ዘመን ከፃግብጂ ወይም ከሰቆጣ ገጠር አንድ ሰው ይህ ደዌ ቢይዘው ምን ይሆናል? መጀመሪያ ጠበል፣ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ። ሕክምና ካለ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ነው፤ ለእግረኛ የብዙ ቀን መንገድ። ከዚያም አልፎ የተጓዘ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ይደርሳል። ዘነበወርቅ ደርሰው ከዳኑት ብዙዎቹ እዚያው ሰፈሩ፣ እዚያው ወለዱ። አካሉ ቢድንም ስሙ አልዳነማ! ወዴት ይመለስ?

የዛሬ ጨዋታዬ ግን ስለ ስደታቸው ብቻ አይደለም። እነዚህ ሰዎች ሳያውቁት ለዓለም ስላስተማሩት ትምህርት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ኖርዌጂያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን ያገኘው በ1873 ነው። ተሕዋሱ ታዲያ ግትር ነው፤ እስከ ዛሬ ድረስ ላቦራቶሪ ውስጥ በብልቃጥ አልበቅልም ብሏል። ስለዚህ ሊያጠናው የሚሻ ሳይንቲስት ሕመምተኛው ወዳለበት መሄድ ነበረበት። በ1965 ዘነበወርቅ ላይ ከመላው አፍሪካ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት አለርት ተቋቋመ። በ1970 ደግሞ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ርዳታ ከጎኑ ሌላ ቤት ተከፈተ፤ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት። ዋና ሥራው ኢሚዩኖሎጂ፣ ማለትም ሰውነት ራሱን ከበሽታ የሚከላከልበትን መንገድ ማጥናት ሆነ።

ለምን ኢሚዩኖሎጂ? ሥጋ ደዌ አንድ ተሕዋስ ሆኖ ሳለ ሁለት መልክ ስላለው ነው። አንዱን ሰው ጥቂት ደንዛዛ ነጠብጣብ ብቻ ያሳየዋል፤ የሌላውን ገላ በሞላ ይወርሰዋል። ልዩነቱ ያለው በሰውየው መከላከያ ላይ ነው። ይባስ ብሎ መከላከያው ራሱ ሲቆጣ ነርቭን ያቃጥላል፤ ጣት የሚሰነክለው አንዳንዴ ጠላት ሳይሆን ዘበኛው ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኢንስቲትዩቱን ይመራ የነበረው ቶሬ ጎዳል የሚባል ወጣት ኖርዌጂያዊ ነበር። እሱና ነጋሢ የተባለ ኢትዮጵያዊ ባልደረባው በ1973 አንድ አጭር ጥናት አሳተሙ። ከሕመምተኞች ጋር የሚኖሩና የሚሠሩ ጤነኞችን ደም ወስደው ነጭ የደም ሴሎቹን ከባክቴሪያው ጋር አገናኟቸው። የብዙዎቹ ሴሎች ተነሣሡ፤ «ይህንንማ እናውቀዋለን» እንደ ማለት ነው። ተሕዋሱ ጤነኞቹም ሰውነት ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ግን ተሸንፎ ወጥቷል።

ተረቱን እዚህ ጋ መልሰን እናስበው። ለካ የሚፈራው ነገር ሳይጠራ በየቤታችን ገብቶ ፈትፍቶ ሄዷል! የታመመውን ከመሶብ ማባረር ያተረፈልን ነገር ቢኖር ኀፍረት ብቻ ነው።

ሽማግሌዎቹ ግን ፈጽሞ ተሳስተው ነበር ማለት አይቻልም። አለርት የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እግራቸው ያበጠ፣ ሥጋ ደዌ ግን የሌለባቸው ገበሬዎችን አየ፤ ምክንያቱ በባዶ እግር የሚረገጠው ቀይ አፈር መሆኑን ደርሶበት በሽታውን ፖዶኮኒዮሲስ አለው። ይህም በቤተሰብ ይታያል፤ ይህም ጋብቻ ያፈርሳል። በ2012 ፋሲል ተኮላ የሚባል ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ የመከላከያ ሥርዓታችንን የሚያዙ አንዳንድ ዘረመሎች ለበሽታው እንደሚያጋልጡ አሳየ። ዘር አለበት፤ ግን ጫማ ያደረገን እግር አፈሩ አያገኘውም። እንግዲህ መድኃኒቱ ከጫማ ቤት ከተገኘ ጋብቻ ማፍረስ ምን አመጣው?

የአለርጂም ነገር እንዲሁ ከእኛው አፈር ተጠንቷል። የጅማና የኖቲንግሃም ተመራማሪዎች በ1997 እንዳሳተሙት አስም በጅማ ከተማ ከዙሪያው ገጠር ይበዛል። ገጠሬው ቆዳው ሲፈተሽ ለአቧራ ነፍሳት ይቆጣል፤ ደረቱ ግን ሲር ሲር አይልም። በ2001 ደግሞ ሁክዎርም የሚባለው የአንጀት ትል ያለባቸው ሰዎች በዚህ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑን ጻፉ። በዚያው ዓመት የታተመ፣ በምርጫ ክርክር የምናውቃቸው ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስም የተሳተፉበት ሌላ ጥናት የትሉን ሌላ ፊት አሳየ፤ ትላቸውን ካስወገዱ በኋላ የቢሲጂ ክትባት የወሰዱ ሰዎች ሴሎች የተሻለ መልስ ሰጡ። ትሉ አስሙን ቢያስታግስም ክትባቱን ያደክማል ማለት ነው። ኖቲንግሃም ላይ ፈቃደኛ የአስም ሕመምተኞችን በትል ቢሞክሩም ያን ያህል ፈውስ አልተገኘም።

ይህ ሁሉ የተገኘው በዲግሪ ብቻ አይደለም። ሐኪሙ ሐኪም ከሆነ፣ ሳይንቲስቱም ዶክትሬቱን ከጨረሰ በኋላ ሌላ ሊቅ እግር ሥር ተቀምጦ ጥያቄ መጠየቅን የሚማርባቸው ዓመታት አሉ። ፈረንጆቹ ፖስትዶክ ይሉታል። ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የዜማ ተማሪ ድጓውን በአገሩ ቢዘልቅም ጋይንት ቤተልሔም ወርዶ ካላስመሰከረ ማን መምህር ይለዋል? ሲያስመሰክር ግን ተመልሶ ወንበር ይተክላል፤ ተማሪ ይሰበስባል።

ቶሬ ጎዳል ያስመሰከረው ዘነበወርቅ ነው። ከዚያ ወጥቶ የዓለም ጤና ድርጅትን የሐሩር በሽታዎች ምርምር ፕሮግራም መራ፤ ቀጥሎም ጋቪ የተባለው የክትባት ኅብረት የመጀመሪያ ኃላፊ ሆነ። የእኛ ልጅ ፋሲል ደግሞ የፖስትዶክ ሥልጠናውን ያደረገው አሜሪካ፣ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ዘንድ ነው። ሁለቱም መልካም ነው፤ ዕውቀት አገር የለውም። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ያኔ ፈረንጅ እኛ ዘንድ መጥቶ ያስመሰክር ከነበረ፣ ዛሬ የእኛው ሰው በራሱ አገር ደም የተነሣን ጥያቄ ለመመለስ ለምን ባሕር ይሻገራል?

ኢንስቲትዩቱ በ2004 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተጠቃልሏል፤ ምርምሩም ከሥጋ ደዌ አልፎ ወደ ቲቢና ወደ ሌሎች በሽታዎች ሰፍቷል። ምስክር ቤቱ አልተዘጋም ማለት ነው። ጥያቄው ከዚያ የሚወጣው ወንበር የት ይተከላል ነው። ሰቆጣ ሆስፒታል የተመደበ አንድ ወጣት ሐኪም ነገ እግሯ ያበጠ፣ ወይም ጣቷ የደነዘዘ ሴት ከፃግብጂ መጥታ ፊቱ ትቀመጣለች። መድኃኒቱን ያዝላታል። ከዚያ በኋላ «ለምን እሷን ብቻ? እኅቷንስ ለምን ተወ?» የሚል ጥያቄ ቢያድርበት፣ ጥያቄውን ይዞ የሚሄድበት ደጅ ሊኖረው ይገባል። ይዞት የሚመለስበትም ደጅ።