የክብደት ልኬት (ቦክስ)

የክብደት ልኬት በቦክስ ስፖርት ሁለት ተጋጣሚዎች ከፍልሚያው በፊት በተቆጣጣሪ አካል ፊት ሚዛን ላይ ወጥተው ክብደታቸው በውሉ ከተጻፈው ገደብ አለማለፉ የሚረጋገጥበት ሥርዓት ነው። በፕሮፌሽናል ቦክስ ልኬቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው በፍልሚያው ዋዜማ ነው። ቦክሰኛው ከሚዛን ከወረደበት ሰዓት አንስቶ የመጀመሪያው ደወል እስኪደወል ድረስ ውሃና ምግብ ስለሚወስድ፣ ሪንግ ውስጥ የሚገባበት ክብደት ሚዛኑ ካሳየው በብዙ ሊበልጥ ይችላል። በዚህ ምክንያት በወረቀት ላይ እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች በፍልሚያው ሰዓት በበርካታ ኪሎ ተበላልጠው ሊገናኙ ይችላሉ። ይህ ልዩነት የተጋጣሚዎችን ምርጫ፣ የውል ድርድርንና ከሁሉም በላይ የቦክሰኞችን ደኅንነት ይነካል።

በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የክብደት ምድቦች

ቦክሰኞች በክብደት የሚከፋፈሉት ክብደት በፍልሚያ ላይ ቀጥተኛ ጥቅም ስላለው ነው። በችሎታ የሚቀራረቡ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ከባዱ የሚሰነዝረው ቡጢ የበለጠ ኃይል ይኖረዋል፤ ተቃቅፈው ሲታገሉም በተጋጣሚው ላይ እየተደገፈ ያደክመዋል።

በለንደን የሚገኘው ናሽናል ስፖርቲንግ ክለብ በ1909 ስምንት ምድቦችን ደነገገ። እነዚህ ስምንት ምድቦች ዛሬም የስፖርቱ መሠረት ናቸው። የአሁኑ የፕሮፌሽናል ገደባቸው የሚከተለው ነው፦

• ዝንብ ሚዛን፦ 112 ፓውንድ (50.8 ኪ.ግ.)
• ባንታም ሚዛን፦ 118 ፓውንድ (53.5 ኪ.ግ.)
• ላባ ሚዛን፦ 126 ፓውንድ (57.2 ኪ.ግ.)
• ቀላል ሚዛን፦ 135 ፓውንድ (61.2 ኪ.ግ.)
• ዌልተር ሚዛን፦ 147 ፓውንድ (66.7 ኪ.ግ.)
• መካከለኛ ሚዛን፦ 160 ፓውንድ (72.6 ኪ.ግ.)
• ቀላል ከባድ ሚዛን፦ 175 ፓውንድ (79.4 ኪ.ግ.)
• ከባድ ሚዛን፦ የላይኛው ገደብ የለውም

በመካከላቸው ሌሎች ምድቦች ተጨምረው ዛሬ ቁጥራቸው እንደየድርጅቱ 17 ወይም 18 ደርሷል። ከባድ ሚዛን ገደብ ስለሌለው በዚያ ምድብ ክብደት ለመቀነስ የሚያስገድድ ነገር የለም፤ ልኬቱም ለመዝገብ ያህል ብቻ የሚደረግ ነው። ለምሳሌ በታኅሣሥ ወር 2024 ኦሌክሳንደር ኡሲክ 226 ፓውንድ፣ ታይሰን ፊዩሪ ደግሞ 281 ፓውንድ መዝነው የተጋጠሙ ሲሆን፣ በ55 ፓውንድ የሚያንሰው ኡሲክ በነጥብ አሸንፏል።

ከፍልሚያው ቀን ወደ ዋዜማው

ቀደም ባለው ጊዜ ልኬቱ የሚካሄደው በፍልሚያው ዕለት ነበር። ቦክሰኛው ጠዋት ሚዛን ላይ ወጥቶ ማታ ስለሚፋለም፣ በላብ ያጣውን ፈሳሽ ለመተካት ያለው ጊዜ ጥቂት ሰዓታት ብቻ ነበር።

ለውጡን ካፋጠኑት ክስተቶች አንዱ የደቡብ ኮሪያዊው ዱክ ኩ ኪም ሞት ነው። ኪም ኅዳር 13 ቀን 1982 በላስ ቬጋስ ከቀላል ሚዛን ሻምፒዮኑ ሬይ ማንሲኒ ጋር ተጋጥሞ በ14ኛው ዙር በዝረራ ተሸነፈ። አንጎሉ ውስጥ ደም በመፍሰሱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሕይወቱ አለፈ። ከፍልሚያው በፊት የ135 ፓውንዱን ገደብ ለማሟላት ብዙ እንደተቸገረ ተዘግቧል። ከዚህ በኋላ ደብሊውቢሲ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የዓለም ቦክስ ምክር ቤት የሻምፒዮና ፍልሚያዎችን ከ15 ዙር ወደ 12 ዝቅ አደረገ፤ ሌሎቹም ድርጅቶች እስከ አሥርቱ ዓመታት መጨረሻ ተከተሉት። ልኬቱን ወደ ዋዜማው የማዛወር አሠራርም የተስፋፋው በእነዚሁ ዓመታት ነው።

የለውጡ ዓላማ ቦክሰኛው ፈሳሹን ተክቶ እንዲፋለም ጊዜ መስጠት ነበር። ይሁን እንጂ ያልታሰበ ውጤትም አስከተለ። መልሶ ለመጠጣት አንድ ሙሉ ቀን እንዳለ የሚያውቅ ቦክሰኛ ከበፊቱ የበለጠ ክብደት ለመቀነስ ይደፍራል። በዚህም የተነሳ ብዙዎች ከተፈጥሯዊ ክብደታቸው አንድና ሁለት ምድብ ወርደው መወዳደር ጀመሩ። አንዱ ሲወርድ ሌላው በራሱ ምድብ ከቆየ ከእሱ የሚገዝፍ ሰው ይገጥመዋል፤ ስለዚህ እሱም ለመውረድ ይገደዳል።

ክብደት የሚቀነስበት መንገድ

የክብደት ቅነሳው ሁለት ደረጃዎች አሉት። የመጀመሪያው በልምምድ ሳምንታት ውስጥ በአመጋገብና በሥራ ስብን መቀነስ ነው። ሁለተኛው በመጨረሻው ሳምንት የሚደረግ ሲሆን በአብዛኛው የሚቀነሰው ውሃ ነው።

በዚህ ሳምንት ቦክሰኛው ጨውና ኃይል ሰጪ ምግቦችን ይቀንሳል። በጡንቻና በጉበት የሚከማቸው ግላይኮጅን እያንዳንዱ ግራም ወደ 3 ግራም የሚጠጋ ውሃ ይዞ ስለሚቀመጥ፣ ክምችቱ ሲያልቅ ውሃውም አብሮ ይወጣል። አሰር የበዛባቸው ምግቦች ስለሚቀሩ የአንጀት ይዘትም ይቀላል። በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ሳውና፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍና ላብ የሚያስወጣ የፕላስቲክ ልብስ ለብሶ መሮጥ የተለመዱ ናቸው። ጥቂት ግራሞች ሲቀሩ ምራቅ በዕቃ ውስጥ መትፋትም የታወቀ ዘዴ ነው።

ከልኬቱ በኋላ ውሃ፣ ጨዎችና ኃይል ሰጪ ምግቦች በተከፋፈለ መጠን ይወሰዳሉ። ፈሳሽን በደም ሥር መውሰድ ግን በዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ደንብ የተገደበ ነው። በሆስፒታል ሕክምና ወይም በልዩ ፈቃድ ካልሆነ በቀር በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ መውሰድ ክልክል ነው።

በጤና ላይ የሚያስከትለው ጉዳት

የሰውነት ፈሳሽ ሲያንስ የደም መጠን ይቀንሳል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ሰውነት ሙቀቱን የመቆጣጠር አቅሙ ይዳከማል፣ ኩላሊትም ይጨነቃል። ክብደቱ በአንድ ቀን ቢመለስም ሰውነቱ ሙሉ በሙሉ አገገመ ማለት አይደለም። ፈሳሽ ያጣ አንጎል በቡጢ ለሚደርስ ጉዳት ይበልጥ ይጋለጣል የሚለው ሐሳብ በሐኪሞች ዘንድ በስፋት ይነሳል፤ ሆኖም በሰው ላይ በቀጥታ ለመፈተን አስቸጋሪ በመሆኑ ገና ያከራክራል።

የክብደት ቅነሳው ራሱ ሰው የገደለባቸው አጋጣሚዎች በሌሎች የፍልሚያ ስፖርቶች ታይተዋል። በ1997 መጨረሻ በአሜሪካ ሦስት የኮሌጅ ተማሪ የትግል ስፖርተኞች ክብደት ሲቀንሱ ሞተው የኮሌጅ ትግል የልኬት ደንብ ተቀየረ። በ2015 ቻይናዊው የድብልቅ ማርሻል አርት ተፋላሚ ያንግ ጂያን ቢንግ በማኒላ ከልኬት በፊት ሕይወቱ አልፏል።

የተጋጣሚዎች ምርጫና ውል

ተጋጣሚዎችን የሚያጣምረው ባለሙያ የሚሠራው ለፕሮሞተር ነው። ከታወቁት መካከል የማዲሰን ስኩዌር ጋርደኑ ቴዲ ብሬነርና የቶፕ ራንኩ ብሩስ ትራምፕለር ይጠቀሳሉ። ይህ ባለሙያ ከምድቡ ስም ይልቅ የቦክሰኛውን የዘወትር ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜ፣ በምድቡ የቆየበትን ጊዜና ለዝግጅት የተሰጠውን ሳምንት ይመለከታል። በጥቂት ቀናት ማስጠንቀቂያ የተጠራ ተጋጣሚ ክብደቱን በችኮላ ስለሚቀንስ ደክሞ ሊመጣ ይችላል።

ብዙ ተመልካችና ገቢ የሚያመጣው ቦክሰኛ በድርድር የበላይነት ስላለው ክብደቱንም ለራሱ በሚመች መንገድ ሊያስወስን ይችላል። ከምድቦቹ ገደብ ውጭ ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙበት ቁጥር የስምምነት ክብደት ይባላል። በ2009 ማኒ ፓኪያውና ሚጌል ኮቶ ለዌልተር ሚዛን ቀበቶ ሲጋጠሙ ውሉ ከምድቡ ገደብ በ2 ፓውንድ ያነሰ፣ ማለትም 145 ነበር። በዚያው ዓመት ፍሎይድ ሜይዌዘር ከሁዋን ማኑኤል ማርኬዝ ጋር የተስማማበትን 144 ፓውንድ በ2 ፓውንድ አልፎ 600,000 ዶላር ከፍሏል። ፍልሚያውንም በሰፊ የነጥብ ልዩነት አሸንፏል። እንዲህ ያለው ቅጣት ገንዘብ ላለው ወገን ክብደትን እንደ መግዛት ሊቆጠር እንደሚችል ተቺዎች ያነሳሉ።

የክብደት ብልጫ ግን ሁልጊዜ ድል አያመጣም። በ2010 አንቶኒዮ ማርጋሪቶ ፓኪያውን ሲገጥም በሪንግ ውስጥ 17 ፓውንድ (7.7 ኪ.ግ.) ያህል ይበልጠው ነበር፤ ሆኖም በነጥብ ተሸንፎ የዓይኑ ዙሪያ አጥንት ተሰበረ። በ2008 ደግሞ ኦስካር ዴ ላ ሆያ ከላይኛው ምድብ ወደ 147 ፓውንድ ወርዶ ያንኑ ፓኪያውን ሲገጥም ጉልበቱ ተሟጦ ከ8ኛው ዙር በኋላ አቋርጧል። በዚያ ምሽት ያልተረጋገጠው የቴሌቪዥን ልኬት ትንሹ ፓኪያው በጥቂቱ እንደሚበልጥ አሳይቶ ነበር።

ጋቲ እና ጋማሽ

በዚህ ርዕስ አብዝቶ የሚጠቀሰው አርቱሮ ጋቲና ጆይ ጋማሽ የካቲት 26 ቀን 2000 በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ያደረጉት ፍልሚያ ነው። የውሉ ክብደት 141 ፓውንድ ነበር። ጋቲ በዋዜማው ገደቡን አሟልቷል ተብሎ ተመዘገበ፤ የጋማሽ ወገን ግን ልኬቱ በጥድፊያ የተካሄደና ትክክል ያልሆነ ነው ሲል ተቃወመ። በፍልሚያው ምሽት ኤችቢኦ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ባደረገው ልኬት ጋቲ 160፣ ጋማሽ 145 ፓውንድ መዘኑ። ልዩነቱ 15 ፓውንድ (6.8 ኪ.ግ.) ነበር። ጋማሽ በ2ኛው ዙር በዝረራ ተሸነፈ፤ በአንጎሉ ላይ ጉዳት ስለደረሰበት ዳግም አልተፋለመም። የግዛቱን የስፖርት ኮሚሽን ከሶ በ2010 በተሰጠው ውሳኔ ዳኛው ኮሚሽኑ በልኬቱ ላይ ቸልተኛ እንደነበር ቢያረጋግጥም ካሳ ግን አልፈረደለትም።

ገደብ ያለፉ ቦክሰኞች

ሻምፒዮን ገደቡን ካለፈ ቀበቶውን ሚዛን ላይ ያጣል፤ ተፈታታኝ ካለፈ ደግሞ ቢያሸንፍም ቀበቶ አያገኝም። ፍልሚያው ግን በአብዛኛው አይሰረዝም፤ ገደቡን ያከበረው ወገን ለወራት የደከመበትን ክፍያ ላለማጣት ከባዱን ሰው ለመግጠም ይስማማል።

• በጥቅምት 2005 ሆሴ ሉዊስ ካስቲዮ ከ135 ፓውንዱ ገደብ 3.5 አልፎ ዲዬጎ ኮራሌስን በ4ኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ። በ2006 ሊያደርጉት በነበረው ሦስተኛ ግጥሚያ ካስቲዮ እንደገና ገደቡን ሲያልፍ ፍልሚያው ተሰርዟል።
• በመጋቢት 2018 በቶኪዮ ሉዊስ ኔሪ የባንታም ሚዛኑን ገደብ በመጀመሪያው ልኬት በ2.3 ኪሎ አልፎ ቀበቶውን አጣ። ፍልሚያው ተካሂዶ ሺንሱኬ ያማናካ በ2ኛው ዙር ተሸነፈ፤ ከዚያም ጓንቱን ሰቀለ። የጃፓን ቦክስ ኮሚሽን ኔሪን በአገሩ እንዳይፋለም አገደው፤ እገዳው በኋላ ተነስቷል።
• በሚያዝያ 2024 ራያን ጋርሲያ በ140 ፓውንድ ምድብ 143.2 መዝኖ ዴቪን ሄኒን ሦስት ጊዜ ጥሎ በነጥብ አሸነፈ። በኋላ በአበረታች ቅመም ምርመራ ምክንያት ውጤቱ ተሰርዟል።

የቁጥጥር ዘዴዎች

ዓለም አቀፉ የቦክስ ፌዴሬሽን በሻምፒዮና ፍልሚያዎቹ በዕለቱ ጠዋት ሁለተኛ ልኬት ያደርጋል፤ ቦክሰኛው ከምድቡ ገደብ ከ10 ፓውንድ (4.5 ኪ.ግ.) በላይ ጨምሮ መገኘት የለበትም። በ2017 ዳንኤል ጄኮብስ ጌናዲ ጎሎቭኪንን ሲገጥም በዚህ ልኬት ባለመቅረቡ የፌዴሬሽኑ ቀበቶ ለእሱ የማይደረስ ሆነ። የዓለም ቦክስ ምክር ቤት ደግሞ ቀስ በቀስ እንዲቀነስ ለማድረግ ቦክሰኛው ከፍልሚያው 30 ቀን በፊት ከገደቡ ከ10 በመቶ በላይ፣ 7 ቀን ሲቀረው ከ5 በመቶ በላይ እንዳይሆን ያዛል። የካሊፎርኒያ ኮሚሽን በ2017 ባወጣው ዕቅድ ከልኬቱ በኋላ ከ10 በመቶ በላይ የሚጨምሩ ቦክሰኞች ወደ ላይኛው ምድብ እንዲወጡ ሊመከሩ ይችላሉ።

በአማተር ቦክስ ልኬቱ በውድድሩ ቀን ጠዋት ይደረጋል። ቦክሰኛው በፋለመበት ቀን ሁሉ እንደገና ስለሚመዘን በየመሐሉ ብዙ ክብደት መጨመር አይችልም።

በግል ውሎችም ከልኬት በኋላ የሚጨመረውን ክብደት የሚወስን አንቀጽ እየተለመደ ነው። በ2023 ጀርቮንታ ዴቪስና ራያን ጋርሲያ በ136 ፓውንድ ሲስማሙ በማግስቱ ጠዋት ከ146 እንዳያልፉ ተወስኖ ነበር፤ ዴቪስ በ7ኛው ዙር በዝረራ አሸንፏል። በ2025 ክሪስ ዩባንክ ጁኒየርና ኮኖር ቤን በለንደን ሲጋጠሙ የዋዜማው ገደብ 160፣ የማግስቱ ጠዋት ደግሞ 170 ፓውንድ ነበር። ዩባንክ የዋዜማውን ገደብ በ0.05 ፓውንድ፣ ማለትም በ23 ግራም ገደማ በማለፉ 375,000 ፓውንድ ስተርሊንግ ተቀጥቷል።

ክርክር

በመልሶ መጨመር ላይ የሚጣለው ገደብ ሁለት ተቃራኒ ዓላማዎችን ያጋጫል። ደጋፊዎቹ ትልቁ ሰው ትንሹን እንዳይጎዳና ቦክሰኞች ከተፈጥሯዊ ክብደታቸው አብዝተው እንዳይወርዱ ያደርጋል ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው አስቀድሞ በብዙ የቀነሰ ቦክሰኛ ሁለተኛውን ሚዛን በመፍራት መጠጣት የሚገባውን ሳይጠጣ እንዲፋለም ያስገድዳል፣ አንቀጹንም የሚያስገባው ብዙውን ጊዜ በድርድር የበላይ የሆነው ወገን ነው ይላሉ። ልኬቱን ወደ ፍልሚያው ዕለት የመመለስ ሐሳብም ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሳል፤ ቦክሰኞች በአዲሱ ሰዓት ምክንያት መቀነሱን ካልተዉ በፊት የነበረው አደጋ ይመለሳል።

ሌላው አማራጭ ከክብደት ጋር የሰውነትን ፈሳሽ መጠን በሽንት መመርመር ነው። መቀመጫውን እስያ ያደረገው ዋን ሻምፒዮንሺፕ ከያንግ ሞት በኋላ ይህን አሠራር ተግባራዊ አድርጓል። በፕሮፌሽናል ቦክስ ግን ቀበቶ የሚሰጡት ድርጅቶችና የየአገሩ ኮሚሽኖች ብዙ ስለሆኑ ሁሉንም የሚያስገድድ አንድ ወጥ ደንብ የለም።