የአንዲስ ተራሮች ላማ፤ ለጭነት የሚመረጥበትና የሚራባበት ጥንታዊ ሥርዓት

በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሕዝቦች እስፓንያውያን ከመምጣታቸው በፊት ፈረስን፣ በቅሎንና አህያን አያውቁም ነበር። የሰውን ሸክም የሚያቃልልላቸው እንስሳ ላማ ብቻ ነበር። ላማ የግመል ዘመድ ሲሆን፣ ጉዋናኮ ከሚባለው የዱር እንስሳ የተገኘ ነው። ሰው ያላመደውም ከዛሬ 6000 ዓመት ገደማ በፊት መሆኑን በፔሩ ደጋ በዋሻዎች ውስጥ የተገኙት አጥንቶች ያስረዳሉ።

የላማ ጭነት ትንሽ ነው፤ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ተሸክሞ በቀን ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ጭነቱ ከበዛበት ይተኛል እንጂ አይነሣም። ነገር ግን ከ4000 ሜትር በላይ፣ አየሩ በሳሳበት አገር ይሠራል፤ መኖውንም በመንገዱ ላይ እየጋጠ ያገኛል። ጭነቱ ለብዙ እንስሶች ስለሚከፋፈል፣ ለነጋዴው የሚጠቅመው አንድ ብርቱ ላማ ሳይሆን አቅሙና እርምጃው የተመጣጠነ መንጋ ነው።

ይህን መንጋ ማግኘት ግን ቀላል አይደለም። የሚጫኑት ወንዶቹ ናቸው፤ ሴቶቹ ለእርባታ ይቀመጣሉ። ወንዶቹም በጉዞ እንዳይዋጉ አብዛኛውን ጊዜ ይኰላሻሉ። ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ሲሞላቸው መጀመሪያ ባዶአቸውን ከታላላቆቹ ጋር ይሄዳሉ፤ ቀጥሎ ቀላል ጭነት ይለምዳሉ። ከእነርሱም መካከል አስተዋይ የሆነው ቃጭል ታስሮለት መንጋውን ይመራል። እንግዲህ በመንገድ የተፈተነው ዘር አይተካም፤ ዘር የሚተካውም በመንገድ አልተፈተነም። ታዲያ እረኛው አውራውን በምን ይመርጣል? በቁመቱ፣ በጀርባውና በእግሮቹ ጥንካሬ፣ በጠባዩም ይመዝነዋል። ጠጕሩ አጭር የሆነውና ቃራ የሚባለው ዓይነት ለጭነት ይመረጣል። ከሁሉ በላይ ግን አስተማማኙ ምስክር የዘመዶቹ ታሪክ ነው፤ እናቱ ማን እንደ ነበረች፣ የተኰላሹት ወንድሞቹ በጉዞ ምን እንዳደረጉ ማስታወስ ያሻል። ስለዚህም የዘሩ ጥራት በእንስሳው ሥጋ ብቻ ሳይሆን በጠባቂው ትዝታም ላይ የቆመ ነበር።

የኢንካ መንግሥት ይህን ትዝታ በሥርዓት ይዞት ነበር። የመንግሥቱ፣ የቤተ መቅደሱና የሕዝቡ መንጋዎች የተለያዩ ነበሩ፤ ቍጥራቸውም ኪፑ በሚባል ባለ ቋጠሮ ገመድ ይመዘገብ ነበር። እናቱ ከኢንካ ወገን የነበረችው ጋርሲላሶ ዴ ላ ቬጋ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1609 ዓ. ም. በታተመው መጽሐፉ፣ መንጋዎቹ በቀለማቸው ይለያዩ እንደ ነበር ጽፏል።

እስፓንያውያን በ1532 ፔሩን ከወረሩ በኋላ ይህ ሥርዓት ፈረሰ። ጋርሲላሶ እንደሚለው፣ በ1544 እና በ1545 የተነሣው የእከክ በሽታ ከመንጋው ሁለት ሦስተኛውን ፈጀ። በዚያው በ1545 የፖቶሲ ብር ተገኘና የተረፉት ላማዎች ማዕድን ለማመላለስ ተነዱ። ከሩቅ አገር የመጣው በቅሎ ደግሞ ይበልጥ መሸከም ስለቻለ ብዙውን ሥራ ወሰደባቸው።

የጠፋውን ነገር መጠን የምናውቀው ከመቃብር ነው። በደቡብ ፔሩ ኤል ያራል በተባለ ስፍራ፣ ከ900 እስከ 1000 ዓመት በፊት ለመሥዋዕት የታረዱ ላማዎችና አልፓካዎች በበረሃው ድርቀት ሳይበሰብሱ ተገኙ። የጠጕራቸው ጥራትና እኩልነት ከዛሬዎቹ የሚበልጥ ነው። በ2001 የታተመ የዘር ምርመራም የዛሬዎቹ ላማና አልፓካ እርስ በርሳቸው እጅግ እንደተደባለቁ አሳይቷል። ይህም የሆነው የሚለይ ዓይንና የሚያስታውስ ሰው በመጥፋቱ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

በቦሊቪያ ደጋ ጨው ጭነው ወደ ቆላ እየወረዱ በበቆሎ የሚለውጡ የላማ ነጋዴዎች እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ ቆይተዋል፤ ከዚያ በኋላ የጭነት መኪና ተካቸው። ላማው ዛሬም በብዛት አለ። ስለዚህ የሕዝብን ልማድ የሚመረምር ሰው የእንስሳውን መልክ መለካት ብቻውን አይበቃውም፤ አውራው በምን ምክንያት እንደተመረጠ ከሽማግሌ እረኞች ጠይቆ መጻፍ ይገባዋል። መንጋ ከጥቂት እንስሶች ተነሥቶ ሊበዛ ይችላል፤ ሳይጻፍ ከባለቤቱ ጋር የተቀበረ ዕውቀት ግን አይመለስም።