ቁልፍ ሲዞር «ቀጭ» ብሎ ዝም? ሞተሪኖ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ጠዋት ለሥራ ቸኩላችሁ ቁልፍ ስታዞሩ መኪናው «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል። ማኑዋል ከሆነ የሰፈር ልጆችን «እስቲ ግፉልኝ» ይባላል፤ አውቶማቲክ ከሆነ ግን መግፋቱም አይሠራም።

ከመካከላችን አንዱን በቅርቡ ይሄው ነገር በቪትዙ አጋጠመው። የመጀመሪያው መካኒክ ሳይፈታ «ሞተሪኖው አልቋል፣ ሙሉውን ቀይር» አለው። ሁለተኛው ጋ ሲወስደው ተፈትቶ ታየ፤ የተበላው ውስጡ ያሉት ሁለት ትንንሽ መዳቦች ብቻ ነበሩ። እነሱ ተቀየሩና መኪናው ተነሳ። በመኪናው ለሚሠራ ሰው ይህ ልዩነት የብዙ ቀን ገቢ ነው።

ሞተሪኖ ምንድን ነው?

ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን «ትንሽ ሞተር» ማለት ነው። በባትሪ ኃይል ትልቁን ሞተር ለጥቂት ሰከንድ ያዞረዋል፤ ትልቁ በራሱ ሲነሳ ይለቀዋል። ድሮ መኪና የሚነሳው በእጅ በሚዞር ማንቬላ ነበር፤ ወደ ኋላ ሲመታ እጅ ይሰብራል። ከዚህ የገላገለን አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ነው፤ ካዲላክ የሱን የኤሌክትሪክ ማስነሻ በ1912 (እ.ኤ.አ.) ሞዴሎቹ ላይ ገጠመው።

ውስጡ ምን አለ?

ሶሌኖይድ፦ ከላይ የተለጠፈው ትንሹ ሲሊንደር። ጥርሱን ወደፊት ይገፋል፣ መዳቦቹን አገናኝቶም የባትሪውን ከባድ ከረንት ይለቃል። «ቀጭ» የሚለው እሱ ነው።

ካርቦን፦ ከረንቱን ወደሚዞረው ክፍል ያደርሳል። እየተፋቀ ያልቃል።

አርማቸር፦ በመዳብ ሽቦ የተጠመጠመው፣ የሚዞረው ክፍል።

ቤንዲክስ፦ ፊት ያለው ጥርስ። የፍላይዊሉን ጥርስ ነክሶ ሞተሩን ያዞራል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚይዝ ሞተሩ ሲነሳ ሞተሪኖው አብሮ በኃይል እንዳይሽከረከር ያድነዋል።

ቡሽ፦ ዘንጉን ደግፎ የሚይዝ። ሲበላ ዘንጉ ይወላገዳል።

ድምፁን ስሙ

1. ፈጣን «ቀጭ ቀጭ ቀጭ»፣ የዳሽቦርድ መብራትም ደበዘዘ፦ ብዙ ጊዜ ባትሪ ነው፣ ወይም የባትሪው ማሰሪያ ላልቷል፣ ዝጓል። ሞተሪኖ ለማስፈታት አትቸኩሉ። ሞልቶ ያረፈ ባለ12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት።

2. አንድ ከባድ «ቀጭ»፣ መብራቱ ግን ደህና ነው፦ የሶሌኖይዱን መዳብና ካርቦኑን አስፈትሹ።

3. ሞተሪኖው «ዊዝዝ» ብሎ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነቃነቅም፦ ቤንዲክሱ ነው የሚጠረጠረው።

4. ብረት ከብረት ሲፋጭ ይሰማል፦ ጥርስ ተበልቷል። የፍላይዊሉም ጥርስ ይታይ፤ ካልሆነ አዲሱንም ይበላዋል።

5. ምንም ድምፅ የለም፦ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ የቁልፍ ስዊች። አውቶማቲክ ከሆነ መጀመሪያ ማርሹ «ፒ» ላይ መሆኑን እዩ።

አደራ፦ ቁልፉን ከ10 ሰከንድ በላይ ይዛችሁ አታዙሩ፤ ሞተሪኖው ይግላል። አሳርፉና ድገሙ። ከመፈታቱ በፊት ደግሞ የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀል።

ዕቃ ስትፈልጉ

«የቪትዝ ሞተሪኖ አለ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ቪትዝ ራሱ ባለ1.0ም ባለ1.3ም ሞተር አለው። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ካልቻላችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የሚታዩት እነዚህ ናቸው፦

▪ የዕቃው ቁጥር። የቶዮታ ሙሉ ሞተሪኖ ቁጥር 28100 ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው የሚለያየው። ላዩ ላይ የሠሪው የዴንሶ ቁጥር ብቻ ካለ እሱንም ያዙ።
▪ ቮልቱ። የቤት መኪና 12 ነው፤ እንደ አይሱዙ ኤንፒአር ያሉ የጭነት መኪኖች 24 ናቸው።
▪ ኪሎዋቱ፣ የጥርሱ ብዛት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ቦታና የሽቦው ሶኬት። በአንድ ጥርስ እንኳ ከተለያየ አትውሰዱት።

አዲስ አበባ ላይ ያገለገለ ዕቃ ሲባል ብዙው ሰው የሚሄደው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ በባትሪ ይሞክርላችሁ። ሲነሳ ስለሚዘል በሞርሳ ይታሰር። መዞሩ ብቻ አይበቃም፤ ጥርሱ ወደፊት ወጥቶ መመለሱንም እዩ። ደረሰኝም ተቀበሉ፤ የተሰረቀ ዕቃ ገዝቶ መገኘት በሕግ ያስጠይቃል።

ዋጋ ያልጻፍነው ዛሬ የምንለው ነገ ስለሚቀየር ነው። ሁለት ሦስት ሱቅ ጠይቁ፤ የሙሉውንም፣ የመዳቡንም፣ የካርቦኑንም ለየብቻ።

መካኒኩ «ሙሉውን ቀይር» ካላችሁ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ «የተበላሸው የቱ ነው? አሳየኝ።»

መኪና ይዞ ለሚሠራ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።